68 ልጆች ባሉበት የአንደኛ ክፍል የአንድ ሳምንት የአማርኛ ትምህርት እንዴት ይደራጅ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። 68 ተማሪዎች አሉኝ፤ የተማሪው መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። በየቀኑ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አለኝ። ሰኞ ያስተማርኳቸውን ፊደል ሁሉም አብረው በደንብ ይሉታል፤ ዓርብ አንድ በአንድ ስጠይቃቸው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አያውቁትም። ሐሙስ ደግሞ የገበያ ቀን ስለሆነ ብዙ ልጆች ይቀራሉ። አምስቱን ቀናት እንዴት ባደራጃቸው ይሻላል?»

ክቡር መምህር፣

የመልሱ ግማሽ በጥያቄዎ ውስጥ አለ። ልጆቹ አብረው ሲሉት ያውቁታል፣ ለብቻቸው ሲጠየቁ አያውቁትም ብለዋል። 68 ልጅ በአንድ ድምፅ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ሲል፣ ከመካከላቸው በትክክል የሚያውቁት አሥራ አምስት ብቻ ቢሆኑ እንኳ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። የቀሩት የጎረቤታቸውን አፍ እየተከተሉ ጥቂት ዘግየት ብለው ይደርሳሉ፤ መምህሩም የክፍሉን ድምፅ ሰምቶ ትምህርቱ የገባቸው ይመስለዋል። ይህ የእርስዎ ክፍል ብቻ ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ጮኸው፣ ለብቻቸው ግን ሳይሰሙ ያለፉ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ለረጅም ዓመታት በነፃ ዝውውር፣ ማለትም ልጁ ቢያውቅም ባያውቅም፣ የሚታለፉ ስለነበሩ፣ ችግሩ ገሃድ የሚወጣው ልጁ አራተኛ ክፍል ደርሶ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ሲሰጠው ነበር።

አንድ ነገር በቅርብ ስላየሁ ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተለማማጅ መምህራንን ለመገምገም ወደ አንድ ክፍል ገብቼ፣ ከፊት የተቀመጠውን ልጅ በፊደል ገበታው ላይ «ቶ»ን ጠቁሜ «ይህ ማን ነው?» ስል ጠየቅሁት። ልጁ ከንፈሩን በጭንቅ እያንቀሳቀሰ፣ ጣቶቹን ከዴስኩ ሥር አንድ በአንድ እያጠፈ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት» ብሎ ቆጠረና ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «ቶ!» አለኝ። ትክክል ነበር። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ቶሎ» ብዬ ጻፍኩለት። ዝም አለ። ቃሉ ውስጥ ያለው «ቶ» ከጎኑ «ተ» የለውም፣ «ቱ» የለውም፤ መቁጠር የሚጀምርበት ቦታ ጠፋው። ልጁ ብልህ ነው። ያስተማርነው የሆሄውን ቦታ ስለሆነ ቦታውን በሚገባ ተማረ፤ መልኩን ግን አላስተማርነውም።

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ችግር ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር። ተማሪው «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» በሚለው ተራ የመጀመሪያው ሆሄ ግዕዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሆሄ ከገዛ ዘሩ ተነጥሎ ስለሚመጣ፣ ልጁ በዜማ ተሸፍኖ ማለፍ አይችልም፣ መልኩን ማየት ግድ ይሆንበታል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ከየኔታ ወይም ከፍ ካለ ተማሪ ፊት በየተራው ቀርቦ ብቻውን ይቆጥር ነበር። እኛ ወደ ዘመናዊው ክፍል ይዘን የመጣነው የጋራውን ዜማ ነው፤ አቡጊዳውንና ብቻ መቅረቡን እዚያው ትተናቸዋል።

ስለዚህ ሳምንቱን የማደራጅበት መሠረት አንድ ነው፦ በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ብቻውን ሲያነብ መምህሩ በጆሮው ይስማው። ሌላው ሁሉ፣ ዕቅዱም፣ መርጃ መሣሪያውም፣ የቡድን አቀማመጡም ለዚህ የሚመች ሆኖ ይዘጋጃል። «68 ልጅ እንዴት ይሰማል?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም በአንደኛ ክፍል ባስተማርኩባቸው ዓመታት ያንኑ እል ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 14 ልጅ ከተሰማ በአምስት ቀን 70 ይሆናል። ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ከሰጡት 14ቱ 7 ደቂቃ ይፈጃሉ። ከ40 ደቂቃ ውስጥ 7ቱን ማውጣት ይቻላል። ግማሽ ደቂቃ ትንሽ ይመስላል እንጂ አራት ወይም አምስት ቃል ለማንበብ፣ የት ላይ እንደሚደናቀፍም ለማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንግባ። ሲያቅዱ ከሰኞ አይጀምሩ፤ ዓርብ ዕለት ልጁ ብቻውን እንዲያነብ የሚፈልጉትን ጽሑፍ አስቀድመው ይጻፉና ወደ ኋላ ይመለሱ። ለምሳሌ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነን፤ ልጆቹ እስካሁን ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ነ እና አ ከነዘሮቻቸው ተምረዋል፤ የዚህ ሳምንት አዲስ ፊደላት በ እና ተ ናቸው እንበል። በእነዚህ በስምንቱ ብቻ የሚከተለው ታሪክ ይጻፋል፦

ሌሊት ነበር። አንበሳ በረቱን ሰበረ። አባባ ሰማ። አባባ መብራት አበራ። አንበሳ ተመለሰ።

12 ቃላት ናቸው። ልጁ ያልተማረው አንድም ሆሄ በውስጣቸው የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በራሱ ዓይን ሊደርስበት ይችላል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ምንባብ ብዙ ጊዜ ገና ያልተማሯቸውን ሆሄያት ስለሚቀላቅል፣ ልጁ መምህሩ ሲያነብ ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል እንጂ አያነበውም። የመጽሐፉን ምንባብ ለማዳመጥ ይጠቀሙበት፤ ለልጁ ንባብ ግን እንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ በየሳምንቱ ራስዎ ያዘጋጁ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት ይወስድብዎት ይሆናል፤ ፊደላቱ እየበዙ ሲሄዱ ግን እየቀለለ ይመጣል። በነገራችን ላይ፣ በእኛ አገር በረት የሚሰብረው ጅብ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። ይንገሩዎት፤ ጥሩ ውይይት ይከፍታል። «ጀ» ሲደርስ ታሪኩን ጅብ አድርገው አብረው እንደገና ይጽፉታል።

ሰኞ የጆሮ ቀን ይሁን። ጠመኔ ከማንሳትዎ በፊት የበረቱን ታሪክ በቃልዎ፣ ሰፋ አድርገው፣ እንደ ተረት ይንገሯቸው። «ሌሊት ከብቶቻችሁን ማን ይጠብቃል? በረታችሁ ከምን ተሠራ?» ብለው ያናግሯቸው፤ የገጠር ልጅ ስለ በረት ከእርስዎ የበለጠ ሊያውቅ ስለሚችል አፉ የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ «በሬ፣ በር፣ ቤት፣ ቡና» እያሉ በምን ድምፅ እንደሚጀምሩ ያስለዩአቸው፤ «ላም» ብለው ጣልቃ ሲያስገቡ የተለየውን ሲያውቁ እጃቸውን ያንሱ። ይህ አሥር ደቂቃ ቢበዛ ነው። ቀጥሎ ከታሪኩ ውስጥ የሚገኙትን ስድስት ሆሄያት ብቻ ያስተዋውቁ፦ በ፣ ባ፣ ብ፣ ተ፣ ቱ፣ ት። ሰባቱንም በአንድ ቀን ለማድረስ አይቸኩሉ። ስድስቱን ሰሌዳው ላይ በተራ ሳይሆን በትነው ይጻፉ፤ አንዱ ከላይ ጥግ፣ አንዱ ከታች መሐል፣ አንዱ ከቀኝ ጫፍ። እየጠቆሙ ሲጠይቁ መንገዱ ሁልጊዜ የተለያየ ይሁን። የእኛ ክፍል አቡጊዳ ይህ ነው። የጋራ ድምፅ በጭራሽ አይቅር እላለሁ፤ ዓይን አፋሩን ልጅ ያደፋፍራል፣ ክፍሉንም ያነቃቃል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ የጋራ ንባብ በኋላ ወዲያውኑ ሁለት ሦስት ልጆች ለብቻቸው ይጠየቁ።

የሆሄያቱን ቅርፅ ሲያሳዩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «በ» እንደ ለ፣ ሰ እና አ ሁለት እግር አለው፤ ስለዚህ ካዕቡ ከወገቡ ቅጥያ ያወጣል፣ ሣልሱ ከእግሩ፣ ራብዑ ላይ የቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ኃምሱ ከእግሩ ቀለበት ያበጃል፣ ሳብዑ ላይ የግራ እግሩ ይረዝማል። «ላ፣ ሳ፣ ባ» የሚሉትን አንዱን ከሌላው በታች አድርገው ሲጽፏቸው ልጆቹ የረዘመውን እግር ራሳቸው ያገኙታል፤ ያገኙት ሕግም ከነገሩአቸው ይልቅ ይጸናል። «ተ» ግን አንድ እግር ስላለው ራብዑ እግሩን ያጥፋል። ሁለቱን ሕጎች በአንድ ትንፋሽ አያስረዱ፤ አንዱን ሰኞ፣ ሌላውን ማክሰኞ ያድርጉት። ሳድስ ለማንኛውም ሕግ አይገዛም፣ እንደ መልኩ ብቻ ይለመዳል።

ስለ ሳድስ ካነሳሁ አይቀር ማክሰኞን በሙሉ ለእርሱ እንዲሰጡ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም በአማርኛ ንባብ ከሁሉ ይበልጥ ልጆችን የሚያደናቅፈው እርሱ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የምንሰጠውም እርሱ ነው። ሳድስ ሆሄ አንዳንዴ አጭር የ«እ» ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አናባቢ የለውም። «ልብስ» በሚለው ቃል ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ ድምፁ ግን የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፣ ብ እና ስ ተጣብቀው ይዘጋሉ። በዜማ የተማረ ልጅ ሦስቱንም እየረገጠ ለየብቻ ይላቸዋል፤ ጆሮው የሚሰማው ሦስት የተቆራረጡ ድምፆች ስለሆኑ የለበሰውን ልብስ ስም እንዳነበበ አያውቅም። ይህን ልጅ «አታውቅም» ብለው ካሳለፉት ይጎዳል፤ ሆሄያቱን ያውቃቸዋል፣ ያልለመደው ማያያዙን ነው።

ማያያዝን የማስተምርበት መንገድ ይህ ነው። ቃሉን ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፍና ጣቴን ከሥሩ ሳላቆም እጎትታለሁ፤ ልጆቹ ጣቴ እስኪያልቅ ድረስ ድምፃቸውን እንዳያቋርጡ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ሁለተኛ ፈጠን ብሎ፣ ሦስተኛ ላይ እንደ ንግግር። ከዚያ «በር፣ በሬ፣ በራ» ብዬ እጽፋለሁ። የመጨረሻው ሆሄ ብቻ ተለውጦ አንዱ የሚከፈት፣ አንዱ የሚያርስ፣ አንዱ መብራቱ የሆነው ነገር መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየው መገረም ለመምህር ትልቅ ደስታ ነው። «ሰም፣ ሰማ»፣ «ቤት፣ ቤቴ» እያሉ መቀጠል ይቻላል። በዚሁ ዕለት ከታሪኩ ውጪ የቀሩትን ሆሄያት በቃላት ውስጥ ያስገቧቸው፤ ቦታ፣ ቡና፣ ቢላ፣ ቲማቲም እና እናቴ ብቻ ቢጻፉ ቦ፣ ታ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቲ እና ቴ ተዳረሱ ማለት ነው። ልጁ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ግን አያምጡበት። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማያሳይ፣ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ቃሉን በጆሮው የማያውቅ ልጅ ሊያጠብቀው ይሁን ሊያላላው መወሰን አይችልም።

ለማክሰኞ የሚያስፈልገው መርጃ መሣሪያ የካርቶን ቁራጭ ነው። ከሱቅ የሚጣል የሳሙና ወይም የብስኩት ካርቶን በክብሪት ሣጥን ልክ ተቆርጦ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሆሄ ይጻፍበት። አምስት ስድስት ልጆች ባሉበት ቡድን 20 ያህል ካርዶች ይበቃሉ። ልጆቹ ካርዶቹን እየደረደሩ ቃል ይመሥርቱ፤ ሲሳሳቱም ማንሳትና መለወጥ ስለሚችሉ፣ ደብተር ላይ ከመጻፍ ይልቅ ይደፍራሉ። ለ68 ልጅ ካርድ መሥራት ለአንድ ሰው ከባድ ስለሆነ ከፍ ያሉ ክፍሎችን ተማሪዎች በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜያቸው እንዲሠሩ ባልደረባዎን ይጠይቁ።

ረቡዕ የታሪኩ ቀን ነው። ታሪኩን ሰሌዳው ላይ፣ ቢቻል ደግሞ በትልቅ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ከጻፉ በኋላ ወደ መጨረሻው ዴስክ ሄደው ከዚያ ይመልከቱት። አብዛኞቻችን የምንጽፈው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች በሚበቃ መጠን ነው። ወዲያው አያንብቡላቸው። «ሌሊት» የሚለውን ቃል ራሳቸው እንዲያገኙት ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዝምታውን አይፍሩት። ከጎን ለጎን ጓደኛቸው ጋር አንዱ እየጠቆመ ሌላው ያንብብ፣ ከዚያ ይለዋወጡ። እርስዎ የሚያነቡላቸው በመጨረሻ፣ ንባቡ እንዴት እንደ ንግግር እንደሚፈስ ለማሳየት ነው። «አንበሳው ለምን ተመለሰ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በጽሑፉ ውስጥ በቃል አልተጻፈም፤ መብራቱን ፈርቶ መሆኑን ልጁ ከሁለት ዐረፍተ ነገሮች አያይዞ ማውጣት አለበት። አንብቦ መረዳት በአንደኛ ክፍልም ይቻላል ስል ይህን ማለቴ ነው።

ከዚያ ልጆቹ ታሪኩን በጥንቃቄ ወደ ደብተራቸው ይገልብጡት። ፊደልን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ማስገልበጥን አልደግፍም፤ እጅ ይሠራል፣ ዓይን ግን ከሦስተኛው በኋላ ይተኛል። ይህ ግልበጣ ግን ሌላ ነው። መጽሐፍ ለሦስት አንድ በሆነበት ክፍል፣ በየሳምንቱ አንድ ታሪክ የሚገባበት ደብተር የልጁ የራሱ የንባብ መጽሐፍ ይሆናል፤ ወደ ቤት ይዞት ይሄዳል፣ ለአያቱ ያነብላታል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ልጃቸውን ሊረዱ አይችሉም የሚለውን አልቀበልም። ልጁ ጣቱን በእያንዳንዱ ቃል ሥር እያደረገ ሲያነብ ተቀምጦ መስማት ይችላሉ፤ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የሚጠየቁት ይህን ብቻ ነው።

ሐሙስን በተመለከተ ከገበያው ጋር አይታገሉ። የሚቀሩት ልጆች ለማረፍ አይቀሩም፤ ዶሮ ይዘው፣ ታናሽ ተሸክመው፣ ቤት እየጠበቁ ነው። ስለዚህ ሐሙስ አዲስ ነገር የማይገባበት ቀን ይሁን። የመጡት ልጆች የሚጽፉበት ቀን ያድርጉት፤ እርስዎ አንድ ቃል ይላሉ፣ እነርሱ ሰምተው ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ያሳዩአቸውና ራሳቸውን ያርሙ። ስምንት ቃላት ይበቃሉ። ክፍሉ ቀለል ስለሚል ከኋላ የቀሩትንም ሰብስቦ ለመርዳት ከሁሉ የተሻለ ቀን ሐሙስ ነው። የማዳመጡንም ሒሳብ እንደዚሁ ያስተካክሉት፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 15 15 ልጅ ቢሰሙ 60 ይሆናል፣ ለሐሙስ 8 ብቻ ይቀራሉ። እነዚህ 8ቱ ቤታቸው ለትምህርት ቤቱ የቀረበና ገበያ የማይሄዱ ይሁኑ። በተቃራኒው ሐሙስ ዘወትር የሚቀሩትን የሰኞና የማክሰኞ ተራ ውስጥ ያስገቧቸው። ገበያ የዋሉት ዓርብ ጠዋት ሲመጡ «ምን አያችሁ? በርበሬ ስንት ነበር?» ተብለው ለክፍሉ ይናገሩ፤ መቅረታቸው ከተግሣጽ ወደ ንግግር ትምህርት ይለወጣል፣ ልጁም ክፍሉን የሚሸሽበት ምክንያት አይኖረውም።

ዓርብ አዲስ ሆሄ አይገባም። ታሪኩን በቡድን ያነባሉ፣ በተግባር ያሳያሉ፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ አባባ፣ ሌሎቹ በረት ይሆናሉ። ያለፉት ሳምንታት ታሪኮችም ከደብተራቸው ወጥተው ይነበባሉ። የዓርቡ 15 ልጆች ይሰማሉ፣ ሳምንቱ ያበቃል። ዓርብን የፈተና ቀን ማድረግ በብዙ ትምህርት ቤቶች ልማድ ሆኗል፤ በእኔ እምነት ለአንደኛ ክፍል ጎጂ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ የማያውቀውን መደበቅ የሚማረው ማርክ ሲኖርበት ነው።

በየቀኑ እነዚያን ልጆች ሲሰሙ የቀሩት ምን ይሠራሉ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥንድ ንባብ፣ የካርድ ቃል ምሥረታ፣ ወይም ግልበጣ ላይ ይሆናሉ፤ ትንሽ ጫጫታ ይኖራል፣ ይኑር። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ሥርዓቱን ራሱን ያስተምሩ፦ መምህሩ በሚያዳምጥበት ጊዜ ማንም ወደ እርሱ አይመጣም፣ ጥያቄ ያለው የቡድን መሪውን ይጠይቃል። ልጁን ወደ ጠረጴዛዎ አይጥሩት፤ መንገድ ላይ ጊዜ ይባክናል፣ ልጁም ይደነግጣል። እርስዎ ወደ ረድፉ ሄደው ከጎኑ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ከታሪኩ መሐል ወይም ከመጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቁሙት፤ ከመጀመሪያው ካስጀመሩት በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ሲሳሳት ወዲያው አያርሙት፣ ቃሉን እስኪጨርስ ይታገሱት።

ለዚህ አንድ ቀጭን ደብተር ይበቃል። በግራ በኩል የልጆቹ ስም፣ በቀኝ በኩል ሳምንታት። አያይዞ ካነበበ ሙሉ ክብ፣ ሆሄያቱን ለይቶ ማያያዝ ካቃተው ግማሽ ክብ፣ ሆሄያቱን ገና ካልለየ ባዶ ክብ ያስቀምጡ። ከጎኑ ያደናቀፈውን አንድ ሆሄ ይጻፉ። ይህ ደብተር የማርክ መዝገብ አይደለም፤ ለተከታታይ ምዘና ማርክ ሲያስፈልግ ሌላ ሥራ ይስጡ። ከአራት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሲገልጡ ማን እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ ሦስት ሳምንት ባዶ ክብ ላይ እንደቆመ ያያሉ። ሦስት ባዶ ክብ በተከታታይ ያለበትን ልጅ መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ይመርምሩለት፤ ከኋላ ረድፍ ወደ ፊት አምጥተው ያስቀምጡት። ሰሌዳውን ማየት ስለማይችል ብቻ ሰነፍ የተባለ ልጅ ከአንድ በላይ አጋጥሞኛል።

ሱፐርቫይዘርዎ ስለሚጠይቀው የሳምንት ዕቅድ አይጨነቁ። የዕቅዱ ቅጽ ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያና ምዘና ይጠይቃል፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። በዓላማው ሣጥን «ተማሪዎች የበ እና የተ ዘሮችን ያውቃሉ» ከማለት ይልቅ «እያንዳንዱ ተማሪ በ12 ቃላት የተጻፈውን ታሪክ ብቻውን ያነባል» ብለው ይጻፉ፤ መሟላት አለመሟላቱን ማንም ሰው ክፍል ገብቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ምናልባት «በሳምንት ሁለት ፊደል ብቻ ካስተማርኩ መጽሐፉ አያልቅም» የሚል ስጋት ይኖርብዎታል። 33ቱ ፊደላት በሳምንት ሁለት ሁለት ቢሄዱ 17 ሳምንት ይፈጃሉ፤ ይህም በአንድ መንፈቅ ዓመት ገደማ የሚያልቅ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ መጀመሪያ አንዱን ብቻ አስተምረው ሞክሼዎቹን ወደ መጨረሻው ቢያቆዩአቸው መንገዱ የበለጠ ያጥራል፤ ልጁም አንድ ድምፅ ሲሰማ ሦስት መልክ በአንድ ጊዜ ፊቱ አይደቀንበትም። በመጽሐፉ ያለው ቅደም ተከተል ከዚህ የሚለይ ከሆነ የመጽሐፉን ይከተሉ፤ የሳምንቱ አደረጃጀት ግን ሳይለወጥ ይሠራል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ያችን ቀጭን ደብተር ይዘው ለአሥር ደቂቃ ይቀመጡ። በጎን የጻፏቸውን ሆሄያት ይቁጠሩ። ከ68ቱ ሃያ ያህሉ «ብ» ላይ ተደናቅፈው ካገኙ፣ የሚቀጥለው ሰኞ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች «መብራት»፣ «ልብስ» እና «ልብ» የሚሉትን ቃላት ለማያያዝ ይውሉ። አንድ ወይም ሁለት ልጆች ብቻ ከሆኑ ደግሞ ክፍሉን አያስጠብቁ፤ የእነርሱን ስም ለሐሙስ ይጻፉት።